የጎዶሎ ባንድ ዕድሜ

ወርቅዬ እልል ያለችው ልጇ ስትዘረፍ በገዛ ጆሮዋ እየሰማች ነው። ዝርፊያ መሆኑን ግን አላወቀችም። ቅዳሜ ጠዋት ነበር፤ ዓለም ባንክ ሰፈር ባለው ቤታቸው ሳሎን እህቷ እሙ ሽንኩርት ትልጣለች፣ እሷ ሱቅ ከመሄዷ በፊት ነጠላዋን ታጣጥፋለች፣ ቡፌው ላይ ያለው ሬድዮ ደግሞ ኤልናታን የሚባል ወጣት ጊታር ተጫዋች እንግዳ አድርጎ አቅርቧል። ኤልናታን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በየሁለት ቃሉ እየተነፈሰ፣ «የነፍስ ማዕበል» የተባለው ሥራው እንዴት እንደመጣለት ያወራል። ወንጪ ሐይቅ ዳር ብቻውን ቁጭ ብሎ ነው። ዝምታውን ሲያዳምጥ ነው። ጋዜጠኛዋ «ዋው» አለች። ቀጥላም ስለ ባንዱ አባላት ጠየቀችው፤ እሱም ቤዝና ድራም የሚጫወቱትን ጠቀሰና «ኪቦርድ ላይ ደግሞ ፀሎት የምትባል ልጅ ታግዘናለች» አለ። ይኼኔ ነው ወርቅዬ ነጠላዋን ጥላ እልልታዋን ያቀለጠችው። እሙም ቢላዋዋን እንደያዘች ተነሥታ አጀበቻት። ጎረቤት የሰማ ሰው ልጅ የተዳረ መስሎት ሊሆን ይችላል።

ፀሎት ጥርሷን እየቦረሸች ከባኞ ቤት ወጥታ በሩ ላይ ቆማለች። አረፋው በአፏ እንዳለ ሁሉንም ሰማች። ያን ሙዚቃ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሠራችው እሷ ናት። ወንጪን በዓይኗ አይታው አታውቅም፤ ኤልናታንም ቢሆን የሚያውቀው የአጎቱ ልጅ ሲያገባ ሙሽሮቹን አጅቦ ፎቶ ሊነሣ የሄደ ጊዜ ነው። ሙዚቃው የተወለደው አየር ጤና፣ ከእናቷ የፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ ጀርባ፣ በሳፋና በጀሪካን መሀል ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር የሚነሣው አሮጌ ጀነሬተር ስድስት ጊዜ ደህና ይመታና ሰባተኛው ላይ ያስላል። ሌላ ሰው ቢሆን ጆሮውን ይይዛል፤ ፀሎት ግን አንድ ክረምት ሙሉ ስትቆጥረው ከረመች። በሰባት ምት የሚሄድ ዜማ አለበሰችው፤ መሀል ላይ ወደ አሥራ አንድ አዘለለችው፤ መልሳ ደግሞ ማንም ሳያውቅባት ወደ ሰባት አመጣችው። «ሳል» ብላም ሰየመችው። ኤልናታን ስሙን ጠላው። ሳል ብሎ ነገር ፖስተር ላይ አያምርም አለ።

«ስምሽን ጠራው እኮ!» አለች ወርቅዬ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ሰማሁ።»

«ታግዘናለች አለ። እግዜር ይስጠው። ዘንድሮም ውለታ የሚያውቅ ሰው አለ ለካ!»

ፀሎት ወደ ባኞ ቤት ተመልሳ አረፋውን ተፋች። ስትመለስ ወርቅዬ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ዘመድ አዝማዱን እየቀሰቀሰች ነበር። ለአንድ ዓመት ያህል ለጠየቃት ሁሉ «ፀሎት ኮምፒውተር እየተማረች ነው» ስትል የኖረች ሴት ዛሬ ልጇ ሙዚቀኛ መሆኗን ለአገር ታውጃለች፤ ሬድዮ ስለተናገረ። በአንዱና በሌላው ስልክ መሀል ደግሞ ወሬው ወደ ሽንኩርት ይመለሳል። እሙ ትናንት የገዛችውን እያገላበጠች፣ በዚህ ዋጋ ይኼን የመሰለ ብስባሽ የሸጠላትን ሰውዬ ትረግማለች፤ ወርቅዬም ስልኩን በእጇ ሸፍና እርግማኑን ታጸድቃለች። ፀሎት ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሁለቱን አየቻቸው። ለአንድ ኪሎ ሽንኩርት ገበያ የሚያፈርስ አፍ ያላቸው ሰዎች፣ ሬድዮ «ታግዘናለች» ሲላቸው አሜን ብለው ይቀበላሉ። ልታስረዳቸው ትችል ነበር። ግን ከየት ጀምራ? ደግሞም በዚህ ቤት ስለ ሙዚቃዋ ማንም ጠይቋት አያውቅም። ስትለማመድ በሩ ይዘጋል፤ ስትጨርስ ምሳ ይቀርባል፤ በመሀሉ ያለውን ነገር ማንም አያነሣውም።

«ዛሬ አይደል ቤቴል የምትጫወቱት?» አለች ወርቅዬ ስልኩን አስቀምጣ። «እንመጣለን። ሱቁን ለግማሽ ቀን ብዘጋው አልሞትም።»

ፀሎት «አትምጡ» ልትል አሰበች። ከዚያ ይምጡና ይዩት ብላ ተወችው። ምኑን እንደሚያዩ ግን ገና አላወቀችም ነበር።

ጎዶሎ ባንድ የተመሠረተው በጥቅምት ወር፣ ቤቴል በሚገኘው የኤልናታን አባት ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ስሙን ያወጣችው ፀሎት ናት፤ የሚጫወቱት ሁሉ በጎዶሎ ቁጥር የሚሄድ ስለሆነ። ሰባት፣ አምስት፣ አሥራ አንድ። ወርቅዬ ስሙን ስትሰማ «ማን ልጁን ጎዶሎ ብሎ ይጠራል?» ብላ አማትባ ነበር። ኪቦርዱም፣ ድራሙም፣ ማጉያውም የኤልናታን ነው፤ አባቱ ከዱባይ አስመጥተውለታል። ኤልናታን ራሱን «ፕሮግሬሲቭ» እያለ ይጠራል፤ ከተለመደው ሙዚቃ የቀደመ ማለቱ ነው። ቃሉን ሲናገር ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል። ጊታር አይችልም ማለት አይቻልም፤ የቻለውን ያህል ከፍ አድርጎ ይጫወታል እንጂ። ቤዙን የሚመታው ኑሕ ከጫማው ሌላ የሚያየው ነገር የለም። ድራሙ ላይ ያለው ማርቆስ ግን እውነተኛ ሙዚቀኛ ነበር። ፀሎት ያን የጀነሬተር ሳል አንዴ በጣቷ ጠረጴዛ ላይ መትታ ብታሳየው ሁለተኛ አላስደገማትም። በዚያ ምድር ቤት ውስጥ የምታከብረው ሰው እሱ ብቻ ነው።

እስከዚያ ቅዳሜ ድረስ ሰው ፊት የወጡት ሁለቴ ነው። መጀመሪያ አንድ የባህል ማዕከል ጋበዛቸውና ክብ መነጽር ያደረጉ ወጣቶች ለሰባቱ ምት ራሳቸውን በአራት እየነቀነቁ አዳመጧቸው። ሲያልቅ አንዱ መጥቶ «አስጨንቆኛል፣ በጣም አሪፍ ነው» አላቸው። ኤልናታን ይኼን ቃል ለሳምንት ሲደጋግመው ከረመ። ሁለተኛው የአንድ የግል ትምህርት ቤት ምረቃ ነበር፤ ርእሰ መምህሩ ገና ከመጀመራቸው መሣሪያው የተበላሸ መስሎት ሶኬቱን ነቀለባቸው። ኤልናታን ይህንንም «ኅብረተሰቡ ገና አልደረሰብንም» ሲል ተነተነው። ፀሎት ሳቀች። ርእሰ መምህሩ ቢያንስ የተሰማውን አድርጓል።

ሦስተኛው መድረክ ቤቴል ያለው የጌታቸው ላውንጅ ነው። ጌታቸው ድሮ ሥጋ ቤት የነበረውን ቤት ግድግዳውን ጥቁር ቀብቶ፣ ሰማያዊ አምፖል ሰቅሎ «ላውንጅ» አለው። ሥጋው የሚሰቀልበት ብረት ግን እስካሁን ከጣሪያው አልወረደም፤ የአበባ ማሰሮ አንጠልጥለውበታል። ከሰዓት በኋላ ፀሎት ስትደርስ ማርቆስ ድራሙን እያስተካከለ ነበር። ሲያያት ጎንበስ አለ፤ አንዱን ብሎን አጥብቆ እንደገና አላላው።

«ሬድዮውን ሰማኸው?» አለችው።

«የተቀዳው ሐሙስ ነው» አለ። «አብሬው ነበርኩ።»

«ስቱዲዮ ውስጥ? አጠገቡ?»

«ፀሎት፣ ምን ልበለው? ድራሙ የሱ፣ ቤቱ የሱ። እኔ የት ሄጄ ልጫወት ነው? ደሞ ስምሽን ጠርቷል እኮ።»

ስሟ መጠራቱ በአንድ ቀን ለሁለተኛ ጊዜ እንደ ስጦታ ቀረበላት። እናቷ ስትለው ተናዳ ነበር፤ ማርቆስ ሲለው ግን አንድ ነገር ከውስጧ ወጥቶ እንደሄደ ተሰማት። ኪቦርዱን ከፍታ ገመዱን ሰካች። ኤልናታን አንገቱ ላይ ሻሽ ጠምጥሞ፣ ሦስት ጓደኞቹን አስከትሎ ገባና ከሩቅ እጁን ዘረጋላት።

«ፀሊ! ሰማሽኝ? እንዴት ነበርኩ?» ፊቷን ሲያይ ሳቁን ቀነስ አደረገው። «ያው ገብቶሻል፤ የአየር ሰዓት አጭር ነው። ሚዲያ ደግሞ ታሪክ ነው የሚፈልገው። ጀነሬተር አይሸጥም።»

«በደንብ ይሸጣል» አለች። «አየር ጤና ስንት እንደገባ እናቴን ጠይቃት።»

ኤልናታን ቀልድ መስሎት ከት ብሎ ሳቀ፤ ጓደኞቹም ሲስቅ አይተው ሳቁ።

አሥር ሰዓት ላይ ቤቱ ሞላ። ክብ መነጽሮቹ መጥተዋል፤ የኤልናታን አባት ተከራዮች መጥተዋል፤ ቅዳሜን የት እንደሚያሳልፉ የጨነቃቸው የሰፈሩ ጎረምሶች መጥተዋል። ወርቅዬና እሙ የአገር ልብስ ለብሰው፣ ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ ፊት ለፊት ያለውን ጠረጴዛ ያዙና አምቦ ውሃ አዘዙ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሙዚቃዎች እንደተለመደው አለፉ። ሰው ያወራል፣ ብርጭቆ ይጋጫል፣ ኤልናታን ዓይኑን ጨፍኖ ይሰቃያል። ወርቅዬ ሁለቱም እንዳለቁ ጮክ ብላ አጨበጨበች። እሙ በነጠላዋ ጫፍ ጆሮዋን ሸፈን አድርጋለች። ከዚያ ኤልናታን ማይኩን ያዘና የወንጪን ታሪክ እንደገና ጀመረ። ጠዋት በሬድዮ ያልነበረ ጭጋግ ጨመረበት፤ አንድ ወፍም ጨመረበት። ወፏ በሰባት ምት ነው የምትዘምረው። ክብ መነጽሮቹ በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ።

ፀሎት ብቻዋን ጀመረች፤ ሙዚቃው የሚጀምረው በሷ ነው። ግራ እጇ ጀነሬተሩን ይመታል፣ ቀኝ እጇ ዜማውን ይጥልበታል። ኑሕ ገባ፣ ማርቆስ ገባ፣ በመጨረሻ ኤልናታን ገባ። ደህና ሄዱ። እንዲያውም ከዚያ በፊት እንዲህ አድርገው ተጫውተውት አያውቁም። ወደ አሥራ አንድ የሚዘልበት ቦታ ሲደርስ ሌሎቹ ዝም ይሉና ኪቦርዱ ብቻውን መንገዱን ያሳያል፤ እነሱ ተከትለው ይሻገራሉ። ፀሎት እዚያ ቦታ ላይ ደረሰች፤ ሁለቱንም እጆቿን ከኪቦርዱ ላይ አነሣችና ጉልበቷ ላይ አስቀመጠቻቸው።

«ቀጥል» አለችው ለኤልናታን፣ ማይኩ ባይደርስበትም መድረኩ ላይ ላሉት በሚሰማ ድምፅ። «ያንተ አይደል?»

ኤልናታን አንድ ኮርድ መታ። ቆየና ያንኑ ደገመው። ከዚያ ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም ነበር፤ ለስንት ወር ሲሻገር የኖረው ግራ እጇን እያየ ነው። ኑሕ ጫማውን ያያል። ዝምታው ረዘመ። አንዱ ባለመነጽር ያለቀ መስሎት፣ ወይም ይኼም የሥራው አካል መስሎት፣ ማጨብጨብ ጀመረ። ፀሎት በሕይወቷ እንደዚያ ተደስታ አታውቅም። ደስታው ግን ብዙ አልቆየላትም። ማርቆስ ከበደል ይልቅ ዝምታን የሚፈራ ሰው ነው፤ ዱላዎቹን አነሣና አየር ጤና ባለ በየትኛውም ሠርግ ላይ የሚመታውን የጉራጌ ምት ለቀቀው።

ቤቱ ተገለበጠ። ጆሮ ያልነበረው ሰው ሁሉ ድንገት እግር አገኘ። ጎረምሶቹ ወንበር ገፍተው ተነሡ፤ ክብ መነጽሮቹ የሸሚዛቸውን እጅጌ ሰብስበው ተከተሉ፤ ሲያስጨንቃቸው የሚወዱት ሰዎች ሲያስጨፍራቸው የበለጠ ወደዱት። ጌታቸው ከባንኮኒው ጀርባ ወጥቶ «ይኼ ነው! እንዲህ ነው እንጂ!» እያለ በጭብጨባ ዞረ። ኤልናታን አንዷን ኮርዱን ይዞ ምቱ ላይ ተንጠለጠለና ማይኩን ሳብ አድርጎ «ይህ የማዕበሉ ሁለተኛ ክፍል ነው!» ብሎ ጮኸ። ከሁሉም ፊት ደግሞ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ እግሯ መሬቱን የማይነካ እስኪመስል እየጨፈረች፣ ወርቅዬ ነበረች። ጉልበቴን ያመኛል የምትለዋ ሴት ጉልበቷ ደረቷ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ፊቷ በርቷል። ወደ መድረኩ እያየች «ፀሎቴ! ዛሬ ገና ሙዚቃችሁ ገባኝ!» አለቻት። ፀሎት እጇ ጉልበቷ ላይ እንዳለ ሁሉንም በተራ አየቻቸው፤ ናቀቻቸው። ንቀቷ እናቷ ጋ ሲደርስ ይቆማል ብላ ነበር። አልቆመም። ይኼ አስደነገጣትና ተነሥታ ወጣች።

ወርቅዬና እሙ ፌርማታው ላይ ደረሱባት። ሱቁ ለግማሽ ቀን እንጂ ለሙሉ ቀን አልተዘጋም፤ ማታ ገበያ አለ። ወደ አየር ጤና በሚሄደው ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ሦስቱ ተጣበው ተቀመጡ። ወርቅዬ ላቧን ትጠርጋለች፤ አሁንም እግሯ አላረፈም። እሙ ስለ አምቦ ውሃው ዋጋ አንድ ነገር ብላ ማንም ስላልመለሰላት ተወችው። ታክሲው ቆመ፣ ሰው ጫነ፣ ተነሣ።

«አሳፈርኩሽ እንዴ?» አለች ወርቅዬ በመጨረሻ።

«ሙዚቃው የኔ ነው፣ እማዬ።»

«የቱ?»

«ሰው የተነሣበት አይደለም። ሰው ቁጭ ብሎ ያወራበት። ኤልናታን በሬድዮ የኔ ነው ያለው። የሠራሁት እኔ ነኝ። ሰርቆኛል።»

ወርቅዬ ላቧን መጥረጓን ተወች። «ሐይቅ ዳር ነው የሠራሁት አላለም?»

«ሱቅ ነው የሠራሁት። መብራት ሲጠፋ የሚነሣው ጀነሬተር የለም? ስድስቴ መትቶ ያስል የለም? ያ ነው። እሱን ነው በዜማ ያደረግሁት።»

ወርቅዬ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ፀሎት ወሬው ያለቀ መሰላት፤ በነሱ ቤት ከባድ ነገር ሲነሣ እንዲህ ነው የሚያልቀው። ወርቅዬ ግን ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ነበር፤ በጣቷም ጉልበቷን ትመታ ጀመር። ስድስት መታች፤ ሰባተኛው ላይ እንደ ጀነሬተሩ ሳል አለች። ወደ ልጇ ስትዞር ፊቷ ሌላ ሆኗል።

«የኔን ጀነሬተር ነው ወንጪ ያለው?»

«አዎ።»

«አንቺስ? የገዛ ዕቃሽን ቀምቶሽ፣ እጅሽን ጉልበትሽ ላይ አስቀምጠሽ ታይዋለሽ? ተነሥተሽ ትሄጃለሽ? ምን ዓይነት ልጅ ነው የወለድኩት! እኔ ጎረቤት ባለሱቅ በረንዳዬን በአንድ ክንድ ገፍቶብኝ ቀበሌ ለቀበሌ የዞርኩ ሴት ነኝ! ጠዋት ለምን አልነገርሽኝም?»

«ይገባሻል ብዬ አላሰብኩም።»

ይኼ ቃል ወርቅዬን ከስርቆቱ የበለጠ ሳይነካት አልቀረም። «ወራጅ አለ!» ብላ ታክሲውን አናወጠችው። ረዳቱ ፌርማታ አልደረስንም ሲል ደግማ ጮኸችበት። እሙ «የት ነው ደሞ?» እያለች ጫማዋን በእግሯ እየፈለገች ወረደች። ወርቅዬ በመጡበት አስፋልት ጠርዝ ወደ ቤቴል ሽቅብ ስትመለስ ፀሎት ከኋላዋ እየሮጠች «እማዬ ተይው፣ አትችይውም፣ ይሥቁብናል» አለቻት። ወርቅዬ ዞራም አላየቻት።

ላውንጁ ውስጥ ጭፈራው አብቅቶ እነ ኤልናታን አንድ ጠረጴዛ ከበው ቢራ ይጠጣሉ። ጌታቸው ከእንግዲህ በየቅዳሜው እንዲመጡ፣ ግን «ያቺን የምታስቸግር ሙዚቃ» ትተው በጭፈራው ብቻ እንዲመጡ እያስማማቸው ነበር። ኤልናታን ወርቅዬን ሲያይ ከመቀመጫው ብድግ አለ።

«እናታችን! ሲጨፍሩ እኮ አየሁዎት፣ እንዴት እንደኮራሁ…»

«አንተ ልጅ» አለች ወርቅዬ። «ያ በሬድዮ የኔ ነው ያልከው፣ መሀል ላይ ተቋርጧል። ጨርሰህ አሰማኝ።»

«አሁን? አሁንማ ባንዱ…»

«ብቻህን። ሐይቁ ዳርም ብቻዬን ነበርኩ ብለሃል።»

ኤልናታን ጓደኞቹን አየ። ሊስቅ ሞከረ። ጥበብ በትእዛዝ እንደማይመጣ፣ ስሜት እንደሚያስፈልግ፣ ቴክኒካል ነገሮች እንዳሉበት ተናገረ። ወርቅዬ እጇን አጣምራ እስኪጨርስ ጠበቀችው። ማርቆስ ብርጭቆውን እያየ «የፀሎት ነው» አለ፤ ድምፁ ከራሱ ብርጭቆ አልፎ አልሄደም፤ ሁሉም ግን ሰማ። ወርቅዬ ወደ ልጇ ዞረች።

«ቁጭ በይ» አለቻት። «ጨርሺው።»

ጎዶሎ ባንድ የሞተው ያን ጊዜ ነው። ኤልናታን በበነጋው ኪቦርዱን አስነሥቶ የሚዘፍን ሰው ቀጠረ፤ ሦስቱ ዛሬም «ማዕበል» በሚል ስም ሠርግ ላይ ይጫወታሉ፤ ገበያቸውም ደህና ነው አሉ። ፀሎት ግን ያን ምሽት የሰው ኪቦርድ ላይ ተቀምጣ ከተወችበት ቦታ ጀመረች። ብቻዋን ወደ አሥራ አንድ ተሻገረች። ቤዝ የለም፣ ድራም የለም፤ ማርቆስ በጣቱ ጠረጴዛው ላይ ይቆጥር ነበር፣ ተነሥቶ ሁለት እርምጃ መራመድ ግን አልሆነለትም። የቀሩት ሰዎች ትንሽ አዳምጠው ወሬያቸውን ቀጠሉ፤ ሁለቱ ሒሳብ ጠይቀው ወጡ። ጌታቸው አስተናጋጇን ወንበሮቹን እንድታነሣ በዓይኑ ጠቀሳት። እሙ ግድግዳውን ተደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት። ወርቅዬ ብቻ ከመድረኩ ፊት ወንበር ስባ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ቅዳሴ ላይ እንደቆመ ሰው ፊቷን ሳታዞር አዳመጠች። አንዴ አዛጋች፤ አፏን በነጠላዋ ሸፈነችና እንደገና ቀና አለች።

ፀሎት የመጨረሻውን ኖታ ለቀቀችው፤ ድምፁ እስኪጠፋ ጠበቀች።

«አለቀ?» አለች ወርቅዬ።

«አለቀ።»

ወርቅዬ ተነሥታ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገችና እህቷን ቀሰቀሰቻት። በሩ ላይ ሲደርሱ ቆም ብላ ልጇን አየቻት።

«አይጥምም» አለቻት። «ግን ያንቺ ነው።»